ጉድጓድ ያለው መኪና

ምሳ ላይ ሆናችሁ ይህንን ማንበብ የጀመራችሁ ካላችሁ፣ ወይ ምሳውን ወይ ጽሑፉን ለጊዜው አቆዩት። የምነግራችሁ ነገር ይሸታል። ያን ጊዜም ይሸት ነበር፣ ዛሬም ሳስበው አፍንጫዬ ሥር ይመጣል። አሸሞንሙኜ ብነግራችሁ ደግሞ ሌላ ታሪክ ይሆንብኛል።

በደርግ ጊዜ ነው። ነቀምቴ ውስጥ፣ በከኒሳ ቀሴ በሚባለው ሰፈር በኩል፣ ከባለቤቴ ከወልዴ ጋር አንዲት ትንሽ ፎቶ ቤት ነበረችን። ከፊት ፎቶ ቤቱ፣ ከኋላ የምንኖርባቸው ሁለት ክፍሎች፣ ከዚያ ጓሮ። ወልዴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ነቀምቴ የከረመ ሰው ነው። እናቱንም ጉልበታቸው ሲደክም አስመጥቷቸው ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር። እሱ «አዶዬ» ይላቸዋል፣ እናቴ ማለት ነው፤ እኔም እንደሱ እጠራቸዋለሁ። እኔ ለሊሴ እባላለሁ፣ እዚያው የተወለድኩ የነቀምቴ ልጅ ነኝ።

ያን ጊዜ የሚያውቀኝ ሁሉ የሚያውቀኝ በተጸያፊነቴ ነው። ሰው በጠጣበት ብርጭቆ አልጠጣም። ሰው ቤት የቀረበልኝን ውሃ ከንፈሬን ነካ አድርጌ እመልሳለሁ። እናቴ «ይህቺ ልጅ የራሷን ምራቅ እንዴት እንደምትውጠው እንጃ» ትል ነበር። ሥራችን ደግሞ የባሰበት ነው። ሰው ሁሉ ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ በሚፈልግበት ዘመን የገበያ ቀን እየጠበቅን አኖ፣ ጊዳ አያና፣ ጊምቢ፣ አርጆ እንዞራለን። ከሄድን እናድራለን። የምናድርበት አልጋ ትኋኑ እንግዳ መምጣቱን ከባለቤቱ ቀድሞ የሚያውቅ ነው። አንሶላው የማን ላብ እንዳለበት አይታወቅም፤ ትራሱ የማን ቅባታም ጸጉር እንደነካው አይታወቅም። ወልዴ እንቅልፉን ሲለጥጥ እኔ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አነጋለሁ።

ታዲያ ከከተማ ወጣ ብለው የሚኖሩ ፈረንጆች ባልና ሚስት አገራቸው ሊመለሱ ሆነና ሁለት መኪና ለሽያጭ አቀረቡ። አንደኛው ጭቃ የማይፈራ ጂፕ ነው። ሁለተኛው ነጭ፣ ረዘም ያለ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ መኪና ሲሆን ውስጡ አልጋ አለው፤ የጋዝ ምድጃ፣ የዕቃ ማጠቢያ፣ መጋረጃ፣ ጥጉ ላይ ደግሞ በር ያለው የሚቀመጡበት ሽንት ቤት። ፈረንጆቹ ከአገር አገር ሲዞሩ የሚያድሩበት ነው። ወልዴ ልቡ ጂፑ ላይ ነበር።

«ለሊሴ፣ የአያናን ጭቃ ረሳሽው? ይኼ ነጩ ሙሽራ ነው፣ ጫማው እንዳይነካ የሚፈራ።»

«ጂፑ አልጋ አለው?»

«የለውም።»

«እንግዲያው አንተ ጂፑን ግዛና ትኋኑን አግባ።»

ሳቀ፤ ተሸነፈ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መኪናውን የመረጥኩት በአልጋው ነው። ሞተር ይኑረው አይኑረው እንኳን አላየሁም። ያለንን ሁሉ ሸጠን ገዛነው። ነጭ አንሶላ ገዝቼ ዳርዳሩን በቀይ ክር ጠለፍኩና አለበስኩት። ያንን አልጋ ማንም እንዳይነካብኝ አልኩ።

መኪናውን ሊረከብ የሄደው ወልዴ ብቻውን ነው። ፈረንጅዋ አማርኛ አትችልም፤ ብዙ ዓመት ወለጋ ገጠር ስለኖረች የምትችለው ኦሮምኛ ነው። ወልዴ ደግሞ ኦሮምኛው የገበያ ነው፤ ዋጋ ይከራከርበታል እንጂ ትምህርት አይማርበትም። ሁሉንም እያሳየች አስረዳችው። ማታ ሲመጣ «ሽንት ቤቱ ከሥሩ ጉድጓድ ይፈልጋል አለችኝ» አለኝ። ነገሩ ደነቀኝ፤ የፈረንጅ ነገር ነው አልኩ። በማግስቱ ጓሯችን ውስጥ ጉድጓድ ቆፈረና መኪናውን ከላዩ አቆመው።

ከዚያ ወዲህ ጎረቤት ሁሉ ሊያይ መጣ። ያየ ሁሉ መቀመጥ አማረው። «እስኪ ልሞክረው» ያላለ የለም። ከሁሉ የተደሰቱት አዶዬ ናቸው። ጉልበታቸው ስለማይታጠፍ እንደ ሌላው ሰው ቁጢጥ ማለት ከባድ ስቃይ ነበር የሚሆንባቸው። መጀመሪያ ቀን ሲወጡ «እንደ ዳኛ በወንበር ተቀምጬ!» ብለው ባረኩኝ። ቀን በቀን እየተደገፉ የሚሄዱት እዚያ ነው።

አሁን ጓድ ዱጋሳን ላስተዋውቃችሁ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነው። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ሲያወራ ሰው ትከሻ ላይ እጁን የሚጭን። ባለፈው የጽዳት ዘመቻ ጊዜ አዴ ጫልቱ፣ ወይዘሮ ጫልቱ እንደማለት ነው፣ የምትባል ጎረቤታችንን፣ ባሏ የሞተባትን ሴት፣ ሽንት ቤትሽ ሞልቷል ብሎ ሕዝብ ፊት አካፋ አስያዛት። እሷ እያለቀሰች ስትዝቅ እሱ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ንግግር አደረገ። «የቤቱ ባለቤት የሽንት ቤቱም ባለቤት ነው» አለ። ሰውም አጨበጨበ፤ ላለማጨብጨብ የሚያስችል ዘመን አልነበረም። እኔን ከሽታው ይልቅ ያ መሐረብ አጸየፈኝ፣ ለምን እንደሆነ ግን ያን ጊዜ አልገባኝም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ይኸው ሰው ከጸሐፊውና ከአንድ ጠመንጃ ከያዘ አብዮት ጠባቂ ጋር ጓሯችን ገባ። ገመቹ ይባላል ጠባቂው፣ የሰፈራችን ልጅ ነው። ጓድ ዱጋሳ መኪናው ውስጥ ገብቶ አልጋዬን በመዳፉ ጫን ጫን አደረገው። ምድጃውን ከፍቶ ዘጋ። ከወረደ በኋላ ጎንበስ ብሎ ከሥር ተመለከተ።

«መኪና ጉድጓድ አለው እንዴ?» አለ።

ወልዴ ደነገጠና «ጓድ ሊቀመንበር፣ የቤት መኪና ነው» አለው።

«ይኸው፣ ቤት ነው ያልከው አንተው ራስህ ነህ።»

«የቤት መኪና ማለት እኮ...»

«አልጋ አለው፣ ማጀት አለው፣ ጉድጓድ አለው።» ወደ እኔ ዞረ። «አዴ ለሊሴ፣ እስኪ አንቺ ንገሪኝ። መነ ሞ ኮንኮላታ?» ቤት ነው ወይስ መኪና ማለቱ ነው።

በዕድሜ ላልደረሳችሁበት ልንገራችሁ። በዚያ ዘመን አንድ ቤተሰብ የሚኖረው አንድ ቤት ብቻ ነው። ሁለተኛው «ትርፍ ቤት» ይባላል፣ ይወረሳል። እኔ «መኪና ነው» ሳልለው ቀደመኝ።

«ተፈትሾ ይወሰናል» አለ ጓድ ዱጋሳ። «ነገ አኖ ስብሰባ አለብኝ። በዚሁ እንሄዳለን። ሰው የሚኖርበት መሆን አለመሆኑን መንገድ ላይ ኮሚቴው ያያል፤ እዚያው እንወስናለን። ቤት ከሆነ አንዱን ትመርጣላችሁ፣ ሌላውን ቀበሌው ይረከባል።» ሲወጣ ፎቶ ቤታችን በር ላይ ቆሞ ግድግዳውን አንኳኳ። «ይቺ ለቀበሌ ሱቅ ምን ትላታለህ?» አለው ጸሐፊውን።

አዶዬ በመስኮት ሰምተዋል። ነጠላቸውን አጠበቁ። ቤቱ ቢሄድ እኒህን የማይታጠፍ ጉልበት ያላቸው ሴትዮ የት አደርጋቸዋለሁ? መኪናው ቢሄድ ደግሞ ያለንን ሁሉ ሸጠንበታል፤ እንጀራችን እሱ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ወልዴ ሞተሩን አስነስቶ መኪናውን ከጉድጓዱ ላይ ወደፊት አነሳ። እኔ አዶዬ እንዳይገቡበት ጉድጓዱን በጣውላ ልከድን ሄድኩ። አፍንጫዬን በነጠላዬ ጠፍሬ፣ ዓይኔን ግማሽ ጨፍኜ ጎንበስ አልኩ።

ጉድጓዱ ደረቅ ነበር። ሲቆፈር የተቆረጠው የሣር ሥር እንኳን እንዳለ ነው። አፈሩ ያንኑ የመጀመሪያ ቀን መልኩን ይዟል።

ቀና ብዬ መኪናውን አየሁት። ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ ጎረቤት፣ የአዶዬ የየቀኑ... የት ሄደ? አፌን ሳልከፍት ግን ኮሚቴው ተሳፈረ፤ ጓድ ዱጋሳ ጥሬ ሥጋ በቅጠል ጠቅልሎ፣ ጸሐፊው አረቄ በጠርሙስ ይዘው። እኔ ከወልዴ ጎን ገባሁ። ከኋላችን የመኪናውን ውስጥ የሚያሳይ ክፍት መስኮት ነበረ።

ከከተማ ሳንወጣ ጓድ ዱጋሳ አልጋዬ ላይ ወጣ። በጭቃ ጫማው። ተረከዙን በቀይ ክር በጠለፍኩት ላይ አስደግፎ ተጋደመ። ሥጋውን አንሶላው ላይ ዘረጉትና መቁረጥ ጀመሩ። ደሙ ሲሰርግ አየዋለሁ። ጓድ ዱጋሳ ቅባታም እጁን በመጋረጃዬ ጠረገ፤ ጠርጎም አልበቃው፣ ጥርሱን በአንሶላው ጫፍ አሻሸ።

«ወልዴ» አልኩት በሹክሹክታ፣ «ጉድጓዱ ደረቅ ነው።»

«የቱ ጉድጓድ?»

«ጓሮ ያለው። ምንም የለበትም። ፈረንጅዋ በትክክል ምን ነበር ያለችህ? ቃሉን ንገረኝ።»

መሪውን እንደያዘ አሰበ። «ቦሊ ኢሳ ጀላ ጂራ፣ አለችኝ።»

ዓይኔን ጨፈንኩ። «ወልዴ፣ እሷ ያለችህ የራሱ ጉድጓድ ከሥሩ አለ ነው። አለ! ቆፍር አላለችህም። መኪናው ጉድጓዱን ተሸክሞ ነው የሚሄደው።»

«ሞልቷል ማለት ነው?» አለኝ፣ ድምፁ እንደ ሕፃን ቀጥኖ።

የሞላ መሆኑን ለማወቅ ብዙ አልቆየንም። አረቄ የጠጣ ሰው ይሸናል። ጓድ ዱጋሳ ከሁሉም ይበልጥ ሽንት ቤቱን ወደደው። ከሥር በእግር ሲረገጥ ውሃ የሚለቅ ነገር አለው፤ ያንን እየረገጠ እንደ ሕፃን ይደሰታል። «ይኼ ነው ቤት!» ይላል። ገብቶ ይወጣል፣ ገብቶ ይወጣል፤ በገባ ቁጥር ውሃ ይጨምራል። የሲሬን ከተማ አልፈን መንገዱ ሲበላሽ ሽታው መጣ። መጀመሪያ በስሱ፣ ከዚያ አንገት ይዞ እንደሚያንቅ ሆኖ።

«ማልቱ አጃአ?» አለ ገመቹ፣ ምንድን ነው የሚሸተው እያለ።

«ሥጋው ይሆናል» አለ ጸሐፊው።

ወልዴ ፍጥነቱን ቀነሰ። ጓድ ዱጋሳ ከሽንት ቤቱ ውስጥ ሆኖ ጮኸ። «ንዳው እንጂ! ስብሰባው ሊያልፈኝ ነው!»

ወልዴ ነዳው። ታዛዥ ሰው ነው። ድልድይ ላይ ልንወጣ ስንል አንድ ትልቅ ጉድጓድ ነበር፤ የፊት ጎማው ገባ፣ የኋላው ተከተለ፣ መኪናው ተነስቶ ተቀመጠ። ከኋላ የሰማሁትን ድምፅ በፊደል ልጽፈው አልችልም። ከዚያ የሽንት ቤቱ በር ተከፈተ።

ጓድ ዱጋሳ ከወገቡ በታች ምን እንደሚመስል እንድነግራችሁ አትጠይቁኝ። የራሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደግ ነበር፤ የቀበሌው ሕዝብ ያጠራቀመው ነው። ራሱን በአልጋዬ አንሶላ ጠረገ። በዚያች ሰዓት ያ አንሶላ ከእጄ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ የእኔ አይደለም አልኩ።

አኖ ስንደርስ የገበያ ቀን ነው። ነጭ መኪና ያየ ሁሉ ተሰበሰበ። እኔ ቀድሜ ወርጄ ከሥር ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ የሚንጠባጠበው በእጅ ከሚፈታ ክዳን ነው። ጓድ ዱጋሳ ሲወርድ ከፊት ያሉት ሴቶች ወደ ኋላ አፈገፈጉ፤ አንዷ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አደረገች። ይህቺን ነገር አየና ፊቱ ጠቆረ። ሰው ሲያፍር የሚቀጣው ይፈልጋል። ወደ እኛ ዞረ።

«ኮሚቴው አይቷል። ቤት ነው። ሰው ይተኛበታል፣ ይበላበታል፣ ይጸዳዳበታል። ትርፍ ቤት ነው። አሁኑኑ ምረጡ።»

ወልዴ አንገቱን ደፋ። እኔ ግን ከየት እንደመጣ የማላውቀው ነገር ጉሮሮዬን ከፈተው። እዚያ ፍሳሽና ሽታ መሃል ቆሜ ትዝ ያለኝ ያ መሐረብ ነው። አዴ ጫልቱ ስትዝቅ አፍንጫውን የያዘበት።

«እሺ ጓድ ሊቀመንበር» አልኩት። «እናቱ ያሉበትን የምድሩን ቤት መርጠናል። ይኼኛውን ተረከቡን።»

ደስ አለው። «ጻፍ» አለ ለጸሐፊው።

«ርክክቡ ግን እዚሁ ይሁን፣ ሕዝብም ይመስክር። ሽንት ቤቱ ሞልቷል። ከሥር ክዳን አለው፤ ተጋድሞ በእጅ ፈትቶ መድፋት ነው። አሁን ካልተደፋ ወደ ነቀምቴ አይመለስም፣ እንደምታዩት ይገነፍላል።»

«ታዲያ አንቺ ድፊው።»

«እኔ ምን አገባኝ? አስረክቤአለሁ። የቤቱ ባለቤት የሽንት ቤቱም ባለቤት ነው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። የራሱ ንግግር መሆኑን ሳያውቅ አልቀረም፣ ጸሐፊው ቀና ብሎ አየው። ከሰዉ መሃል አንድ ሽማግሌ «እውነቷን ነው» አሉ በኦሮምኛ። ሳቅ ተሰማ፤ ታፍኖ፣ ከነጠላ ሥር።

«ገመቹ!» አለ ጓድ ዱጋሳ።

ገመቹ ጠመንጃውን አስተካከለ። «እኔ ጥበቃ ነኝ፣ ጓድ።»

ጸሐፊው ሳይጠራ ቀድሞ «እኔ ቃለ ጉባኤ ይዣለሁ» አለ።

ጓድ ዱጋሳ መኪናውን አየ። ከሥሩ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ሱሪውን አየ። ከዚያ በሕይወቴ ካየሁት ፊት ሁሉ የሚያስጸይፈውን ፊት አሳየኝ፤ ፈገግ አለ። ልክ መፍትሔ እንዳገኘ ሰው፣ በደስታ ፈገግ አለ።

«ጻፍ። መኪና ነው። ጉድጓድ ያለው መኪና ነው። ጎማ አለው አይደል? ቤት ጎማ የለውም።» ወደ እኔ ዞረ። «መኪና ከሆነ የግልሽ ነው። በይ፣ ንብረትሽን አጽጂ።»

ጸሐፊው ጻፈ፤ ሦስቱም እዚያው ፈረሙበት። ጓድ ዱጋሳም ወደ ወንዙ ሊታጠብ ሮጠ።

መኪናውን ከገበያው ርቀን አንድ ገበሬ ፈቅዶልን ማሳው ዳር አቆምነው። ዶማ አበደረን፤ ወልዴ ጉድጓድ ቆፈረ፣ ይኼኛው ጉድጓድ ሥራ ነበረው። ክዳኑን ሊፈታ ሲገባ ግን ትውከት ያዘው። ደጋግሞ ሞከረ፣ አልቻለም። እኔ ነጠላዬን አውልቄ ሰጠሁትና በጀርባዬ ተጋድሜ ገባሁ። እኔ፣ ሰው በጠጣበት ብርጭቆ የማልጠጣዋ። ክዳኑን ሳላቅቀው እጄ ላይ ፈሰሰ፣ እስከ ክርኔ ወረደ፣ አንገቴ ጋ ደረሰ። ሆዴ እስኪገለበጥ ጠበቅሁ። አልተገለበጠም። ሞቃት ነው፣ ይሸታል፣ የሰው ነው፣ አበቃ። አዶዬም አሉበት፣ አዴ ጫልቱም አለችበት፣ እኔም አለሁበት።

ጨርሼ ከሥር ወጥቼ መኪናው ውስጥ ገባሁ፣ ሳሙና ላመጣ። አንሶላው አልጋው ላይ ተጨማድዶ ተኝቷል። የተረከዙ ጭቃ፣ የሥጋው ጮማ፣ ጥርሱን ያሻሸበት ጫፍ። ያን ጊዜ አስታወከኝ። ደጅ ሳልደርስ አስታወከኝ።

አንሶላውን እዚያው አቃጠልነው። መኪናውን ግን ደርግ እስኪወድቅ ድረስ ነዳነው፤ አርጆንም አያናንም አየንበት፣ አዶዬም እስኪሞቱ ድረስ እንደ ዳኛ ተቀመጡበት። ጉድጓዱን በየጊዜው የምደፋው እኔ ነበርኩ።

እናንተ አንባቢዎቼ ከዚያ በኋላ ተጸያፊነቷ ቀረ ትሉ ይሆናል። አልቀረም፣ ቦታ ቀየረ እንጂ። ዛሬ ማንም በጠጣበት እጠጣለሁ። የታመመ ሰው አጥባለሁ፣ ትኋን ባለበት አልጋም ተኝቻለሁ። ሰው ሲያዋርድ አፍንጫውን የሚይዝ ሰው ካየሁ ግን ያ ሽታ ይመጣብኛል። በሰው አንሶላ ላይ በጫማው የሚወጣ ሰው ካየሁ እጄን ወደ ኋላ እሰበስባለሁ። ይህን ሳሙና አያስለቅቀውም፤ እንዲለቅም አልፈልግም።

ጓድ ዱጋሳ ከአኖ ወዲህ እጄን ጨብጦኝ አያውቅም። በየስብሰባው የሴቱን ሁሉ እጅ እየጨበጠ ይመጣና እኔ ጋ ሲደርስ ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። እጄን ጸየፈው። በዚያ ዘመን ከመንግሥት ያገኘሁት ትልቁ ስጦታ እሱ ነው።

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ አንድ ጠዋት ፎቶ ቤታችን መጣ። ከስቷል፣ ኮቱ ሰፍቶታል። ለአዲስ መታወቂያ ጉርድ ፎቶ ፈልጎ ነው። ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት፣ አገጩን ቀና አድርግ አልኩት፣ አነሳሁት፣ እጄንም ባልዲው ውስጥ ታጠብኩ። ከወንበሩ ሲነሳ ፊቱ ላይ ያ የድሮው ፈገግታ መጣና እጁን ዘረጋልኝ።

«አዴ ለሊሴ፣ እንግዲህ ያለፈው አለፈ አይደል?»

የተዘረጋውን እጅ አየሁት።

«ይቅርታ ኦቦ ዱጋሳ» አልኩት፣ «እጄ አልታጠበም።»

ውሃው ገና ከጣቶቼ ይንጠባጠብ ነበር።